ለጌማችሁ ሲድ ከየት ታመጣላችሁ? ቋሚ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ሲስተሙ ወይስ ተጫዋቹ

ጌም ውስጥ "ራንደም" የምንለው ነገር ሁሉ ሒሳብ ነው። ጠላት ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ሳጥኑ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ፣ የተተኮሰው ይምታ ይሳት፣ ሁሉንም የሚወስነው ጀነሬተሩ፣ ማለትም ራንደም ቁጥር የሚያወጣው ኮድ ነው። ጀነሬተሩ አንድ ቁጥር ይይዛል፣ ያባዛዋል፣ ይደምርበታል፣ ከውጤቱ ላይ ቆርሶ ይሰጣችኋል። ለሚቀጥለው ጥያቄም ካቆመበት ይቀጥላል። መነሻው ቁጥር ሲድ ይባላል። ጀነሬተሩና ሲዱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ተከትሎ የሚመጣውም አንድ ዓይነት ነው። ዛሬም፣ ነገም፣ በሌላ ሰው ስልክ ላይም።

ብዙ ጀማሪ ዴቨሎፐር የትኛውን ጀነሬተር ልጠቀም ብሎ ሲጨነቅ ይውላል። ለሲዱ ግን አንዲት መስመር ከኢንተርኔት ኮፒ አድርጎ ያልፋል። እኔ የተገላቢጦሹን እመክራለሁ። ገንዘብ ለሌለበት ጌም ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው ጀነሬተሮች አብዛኞቹ ይበቃሉ። ጣጣው የሚመጣው ከሲዱ ነው።

ለመምረጥ ሁለት ጥያቄዎችን መልሱ። አንደኛ፣ ይኼንን ጨዋታ ልክ እንደነበረው ደግሞ ማግኘት የሚፈልግ ሰው አለ? ተጫዋቹ ሊሆን ይችላል፣ ጓደኛው ሊሆን ይችላል፣ ባግ (የኮድ ስህተት) የምታድኑት እናንተ ራሳችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ሲዱን ቢገምት የሚያተርፍና ሌላውን የሚጎዳ ሰው አለ?

ለቸኮለ ሰው የእኔን ምርጫ አሁኑኑ ልናገር። ጨዋታው ሲጀመር 64 ቢት ሲድ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውሰዱ። ሎግ (ጌሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይም ሴቭ ፋይል ላይም ጻፉት። ከዚያ ለየሥራው ከፋፍሉት። ለአብዛኛው ጌም ይኼ ይሠራል። የማይሠራባቸው ጌሞች አሉ፤ ሌሎቹን አማራጮች ማወቅ የሚያስፈልገውም ለእነሱ ነው።

ቋሚ ሲድ

በሲ ቋንቋ ሲድ ሳትሰጡ ራንደም ቁጥር ብትጠይቁ ሲዱ 1 እንደሆነ ተቆጥሮ ይሠራል። ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ያው ጨዋታ ይመጣል። ጎዶት 3 በሚባለው የጌም መሥሪያ ላይም ራንደማይዝ የሚለውን ፋንክሽን ካልጠራችሁ እንዲሁ ነበር። ጎዶት 4 ላይ ሲከፈት በራሱ ይጠራዋል።

ጌሙን እየሠራችሁ ባላችሁበት ጊዜ ከቋሚ ሲድ የሚሻል የለም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጠላት ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ካያችሁት፣ ሲዱ ቋሚ ከሆነ መቶ ጊዜም ብትከፍቱ እዚያው ተቀርቅሮ ታገኙታላችሁ። ሲዱ ካልታወቀ ግን ያንን ባግ ደግማችሁ ለማየት ዕድላችሁን መጠበቅ ነው።

ለሕዝብ ስታወጡት ነው ችግሩ። ፖኬሞን ኤመራልድ በጌምቦይ አድቫንስ ላይ በተከፈተ ቁጥር ሲዱ ከ0 ይነሳል። ጀነሬተሩም በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ ምስሉ በታደሰ ቁጥር)፣ በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ገደማ ወደፊት ይራመዳል። ስለዚህ ቆጣሪ የያዘ ተጫዋች መሣሪያውን ከከፈተ በኋላ በስንተኛው ፍሬም ላይ ቁልፉን ቢጫን ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል። ሻይኒ የሚባለው ልዩ ቀለም ያለው ፖኬሞን በዚያ ጌም ከ8,192 አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። ቆጣሪ ለያዘው ሰው ግን ቀጠሮ እንደያዘ እንግዳ በሰዓቱ ይመጣል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ይኼን ቢያደርግ ማንንም አልጎዳም። ያገኘውን ከሌሎች ጋር በሚለዋወጥበት ጌም ላይ ግን ነገሩ ይለያል።

ቋሚ ሲድ ሆን ተብሎ ሲመረጥ ደግሞ ትልቅ መሣሪያ ነው። ዴቪድ ብሬበን እና ኢያን ቤል በ1984 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ኢሊት የተባለውን የጠፈር ጌም ሲሠሩ የነበራቸው ቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒውተር ሜሞሪው 32 ኪሎባይት ነበር። ጌሙ ግን 8 ጋላክሲዎች አሉት፣ በእያንዳንዱም 256 ፕላኔቶች። ስማቸውን፣ ኢኮኖሚያቸውን፣ መንግሥታቸውን ፋይል ላይ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነበር። ያስቀመጡት ሦስት ባለ 16 ቢት ቁጥሮችን ነው። 2,048ቱም ፕላኔቶች በተፈለጉ ሰዓት ከእነዚያ ይሰላሉ። ሲዱ ቋሚ ስለሆነ ሁሉም ተጫዋች የሚያየው ያንኑ ሰማይ ነው። የእናንተ ጌም ትልቅ ካርታ ኖሮት ስልክ ላይ ቦታ እንዳይበላ ከፈለጋችሁ ይኼ መንገድ ዛሬም ያዋጣል።

ሰዓት

ከሁሉም በላይ ኮፒ የምትደረገው መስመር ይህች ናት፦ ሲዱን ከሰዓት ውሰድ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ብቻውን ለሚጫወት ሰው፣ ለቀላል ጌም፣ በቂ ናት። ይኼን ሳልሸሽግ ነው የምናገረው። የእባብ ጌም ለሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ስህተት ግን የታወቀ ነው። ሲዱን ጌሙ ሲነሳ አንዴ በመስጠት ፋንታ ጠላት በተፈጠረ ቁጥር ትሰጡታላችሁ። ኮምፒውተሩ አሥር ጠላት ሲፈጥር አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። አሥሩም ያንኑ ሰከንድ፣ ያንኑ ሲድ ያገኛሉ። ከዚያ አሥሩም አብረው ወደ ግራ ይሄዳሉ፣ አብረው ይዘላሉ። እንዲህ ዓይነት ሰልፍ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፤ ሲድ የምትሰጠዋን መስመር ከሉፑ (ከሚደጋገመው ኮድ) ውስጥ አውጡ።

ሁለተኛው ችግር የከፋ ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ጌሙ ዛሬ መከፈቱን የሚያውቅ ሰው 86,400 ሲዶችን ብቻ ቢሞክር ይደርስበታል። ለኮምፒውተር ይኼ ሥራ አይባልም። "ታዲያ በሚሊሰከንድ ላድርገው" የሚል ካለ የ1999ኙን የኦንላይን ፖከር ታሪክ ይስማ።

ፕላኔት ፖከር የሚባል ሳይት ፖከር የተባለውን የካርታ ቁማር በገንዘብ ያጫውት ነበር። ሶፍትዌሩን የሠራው ኤኤስኤፍ የተባለ ድርጅት ካርታው በትክክል እንደሚበወዝ ለማሳየት ብሎ ኮዱን ለሕዝብ አወጣው። የሪላየብል ሶፍትዌር ቴክኖሎጂስ ተመራማሪዎች አነበቡት። ሐምሳ ሁለት ካርታ ሊደረደር የሚችልበት መንገድ 8 ብላችሁ ከኋላዋ 67 ዜሮ ብትደረድሩ የሚመጣውን ያህል ነው። ሲዱ ግን 32 ቢት ነበር። ስለዚህ ሊወጣ የሚችለው ድርድር ወደ 4.3 ቢሊዮን ወረደ። ሲዱ የሚወሰደው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ካለፈው ሚሊሰከንድ ነው። ያ ደግሞ 86.4 ሚሊዮን ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ኮምፒውተር ሰዓት ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር ሲያቀራርቡት የቀረው ወደ 200,000 ገደማ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው አምስት ካርታ ነበር። ሁለቱ በእጃችሁ ያሉት፣ ሦስቱ ጠረጴዛው ላይ የተገለጡት። ፕሮግራሙ 200,000ውን ድርድር አንድ በአንድ አይቶ ከአምስቱ ጋር የሚገጥመውን ይነጥላል። ጨዋታው ገና ሳያልቅ የሌሎቹ ሰዎች እጅ ላይ ያለው ሁሉ፣ ገና ያልተገለጠውም ካርታ ይታወቃል። ገንዘብ ያስያዘው ሰው ግን ይኼን አያውቅም።

ሰዓትን ከናኖሰከንድም ውሰዱት፣ ሰዓት ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ነው። ገንዘብ፣ ሽልማት ወይም ደረጃ ያለበት ጌም ላይ ሲድን ከሰዓት መውሰድ የለባችሁም። በዚህ ላይ መደራደር አልፈልግም።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ

ሊኑክስም፣ ዊንዶውስም፣ አንድሮይድም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ክፍል አላቸው። ከሃርድዌሩ የሚመጡ ሊገመቱ የማይችሉ ጥቃቅን ልዩነቶችን እየሰበሰበ ያቀላቅላል። ስምንት ባይት ስጠኝ ትሉታላችሁ፣ ይሰጣችኋል። ፓይተን ላይ ሴክሬትስ የሚባለው ሞጁል ከዚያ ነው የሚቀዳው። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ራንደም ዲቫይስ አለ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በቀድሞዎቹ የዊንዶውስ ሚንጂደብሊው ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጡ) ራንደም ዲቫይስ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ያንኑ ቁጥሮች ይሰጥ ነበር። በአሮጌ ኮምፓይለር የምትሠሩ ከሆነ ሁለቴ አስነስታችሁ አወዳድሩ።

ዋጋው ምንም ማለት ይቻላል። ጨዋታው ሲጀመር አንዴ ነው የሚጠየቀው። ጉድለቱ የወጣው ሲድ ካልተጻፈ ተመልሶ አለመገኘቱ ነው። ተጫዋች "ጌማችሁ ተቀረቀረብኝ" ብሎ ሲጽፍላችሁ የሎጉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሲዱ ካለ ያንኑ ጨዋታ ጠረጴዛችሁ ላይ ታስነሳላችሁ። ለዚህ ነው ሲዱን ጻፉ ብዬ አጥብቄ የምለው።

ስለ መጠኑም ላንሳ። ሲዱ 32 ቢት ከሆነ ወደ 77,000 ጨዋታ ሲደርስ ሁለት ጨዋታዎች አንድ ሲድ የማግኘታቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ብዙ ሰው አራት ቢሊዮን ሲባል የማያልቅ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ዓለም የተለየ መሆን ያለበት ጌም ከሠራችሁ 64 ቢት ውሰዱ።

ገንዘብ ያለበት ጌም ላይ ግን ጥሩ ሲድ ብቻውን አያድንም። መርሰን ትዊስተር የሚባለውን ታዋቂ ጀነሬተር ውሰዱ። በውስጡ 624 ባለ 32 ቢት ቁጥሮች ይይዛል። ሙሉ 624 ውጤቶችን በተከታታይ ያየ ሰው የሚቀጥለውን ሁሉ ማስላት ይችላል፤ ሲዱን ማወቅ እንኳን አያስፈልገውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ለምስጢር ጥበቃ የተሠራ ጀነሬተር ያስፈልጋል። እሱም ሰርቨር ላይ መቀመጥ አለበት። ተጫዋቹ ስልክ ውስጥ የገባ ሲድ ምስጢር አይደለም።

ተጫዋቹ ራሱ

ማይንክራፍት ዓለም ስትፈጥሩ ሲድ ይጠይቃችኋል። ባዶ ብትተዉት ራሱ ያወጣል፤ ቁጥር ወይም ቃልም መጻፍ ትችላላችሁ። ቃሉን ለጓደኛችሁ ብትነግሩት እሱም ያንኑ ተራራና ያንኑ ዋሻ ያገኛል። ለሰው የሚነገር ሲድ ለጌም ትልቅ ሕይወት ይሰጣል፤ ሰዎች ጥሩ ሲድ ሲያገኙ ይቀባበሉታል።

የጃቫው ማይንክራፍት ቃሉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው በጃቫ ሀሽኮድ ነው። ሀሽኮድ ደግሞ 32 ቢት ብቻ ነው፣ አሠራሩም ቀላል ነው። የፊተኛውን ፊደል ኮድ በ31 ያባዛል፣ የሚቀጥለውን ይደምራል። በእኛ ፊደል እንሞክረው። "ሰ" በዩኒኮድ 4656 ነው፣ "ራ" 4651። 4656 ሲባዛ በ31፣ ሲደመር 4651፣ 148,987 ይመጣል። አሁን "ሱሌ" ብላችሁ ጻፉ። "ሱ" 4657፣ "ሌ" 4620 ነው። ሲሰላ እሱም 148,987። ስለዚህ "ሰራ" ብሎ የጻፈና "ሱሌ" ብሎ የጻፈ ሰው አንድ ዓለም ውስጥ ይገባሉ።

የተገላቢጦሹ ደግሞ እኛን የበለጠ ይነካናል። "ሰራ" በእሳቱ ሰ እና "ሠራ" በንጉሡ ሠ ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቁጥሮች። አንዱ ተጫዋች በስልክ "ፀሐይ" ብሎ ለጓደኛው ይነግረዋል። ጓደኛው "ጸሀይ" ብሎ ይጽፋል። ሌላ ዓለም ይወጣል፣ ሁለቱም ጌሙ ተበላሽቷል ይላሉ። በአማርኛ ሲድ የሚቀበል ጌም የምትሠሩ ከሆነ ከማስላታችሁ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው መልሱ። "ሃ" እና "ሀ"፣ "ኣ" እና "አ"ም አይረሱ። ከፊትና ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታም ቁረጡ። ይኼን የውጭ ላይብረሪ አያደርግላችሁም።

የዕለቱ ጨዋታም ከዚሁ ወገን ነው። ስፔለንኪ የተባለው የዋሻ ጌም በ2013 በኮምፒውተር ሲወጣ በየቀኑ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዋሻ ያቀርብ ነበር፣ ለአንድ ሰው አንድ ሙከራ። ሁሉም የገጠመው ያው ስለሆነ ውጤቱን ማወዳደር ትርጉም አለው። ቀኑን ሲድ የምታደርጉ ከሆነ የማን ቀን እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። አዲስ አበባ ሲነጋ ዋሽንግተን ገና ትናንት ማታ ነው። የስልኩን ቀን ከተጠቀማችሁ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ዋሻውን ጨርሶ ለአሜሪካው ሊነግረው ይችላል። ቀኑን ከሰርቨሩ፣ በአንድ የዓለም ሰዓት ውሰዱ።

ቀኑን ወይም የደረጃውን ቁጥር በቀጥታ ሲድ ማድረግም ሌላ ወጥመድ አለው። በጃቫ ራንደም ሲዱን 0 አድርጉና በዜሮና በአንድ መካከል ያለ የመጀመሪያ ቁጥር ጠይቁ። 0.7310 ይመጣል። በ1 ሞክሩ፣ 0.7309። በ2፣ 0.7311። በ42 እንኳን 0.7276 ነው። ከ0 እስከ 100 ያሉት ሲዶች ሁሉ የመጀመሪያ ቁጥራቸው በ0.72 እና በ0.74 መካከል ነው። የደረጃውን ቁጥር ሲድ አድርጋችሁ "የመጀመሪያው ቁጥር ከ0.3 በታች ከሆነ ወርቅ አስቀምጥ" ብትሉ በመጀመሪያዎቹ መቶ ደረጃዎች አንድም ወርቅ አይኖርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተቀራራቢ ቁጥሮችን በደንብ በሚበታትን ሀሽ (ቁጥርን ወደ ሌላ ቁጥር በሚለውጥ ስሌት) አሳልፏቸው፣ ከዚያ ሲድ አድርጓቸው።

ሴቭ ሲደረግ

ተጫዋቹ ሴቭ ያደርጋል፣ ይተኩሳል፣ ይስታል፣ ሎድ አድርጎ እንደገና ይተኩሳል። በ2012 የወጣው ኤክስኮም የጀነሬተሩን ሁኔታ ከሴቩ ጋር ስለሚያስቀምጥ ያው ተኩስ ያው ይሆናል፤ ሌላ ውጤት የፈለገ መጀመሪያ ሌላ ነገር ማድረግ አለበት። ሲቪላይዜሽን 4 ደግሞ ሎድ ሲደረግ አዲስ ሲድ እንዲወጣ የሚያደርግ ምርጫ ለተጫዋቹ ሰጥቷል። እኔ የኤክስኮምን መንገድ እመርጣለሁ። ተጫዋቹ በውሳኔው እንዲጸና ያደርገዋል፣ ባግ ለማደንም ይመቻል።

አንድ ሲድ፣ ብዙ መስመር

ከሁሉም የሚዘነጋው ይኼኛው ነው፤ ሁሉንም ነገር ከአንድ ጀነሬተር አትቅዱ። ለየሥራው የራሱ ጀነሬተር፣ የራሱ የቁጥር መስመር ይኑረው።

ዱም የተባለው የተኩስ ጌም በ1993 ሲወጣ ጀነሬተሩ 256 ቁጥሮች የተደረደሩበት ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። ሠሪዎቹ ግን በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ጠቋሚ አደረጉ። አንዱ ጨዋታውን ለሚወስኑ ነገሮች፣ ሌላው ለተቀረው። የዱም ዴሞ ፋይል ቪዲዮ አይደለም። በሰከንድ 35 ጊዜ ተጫዋቹ ምን እንደተጫነ ብቻ ይመዘግባል። ሲታይ ጨዋታው እንደገና ይጫወታል። የጨዋታው ጠቋሚ በአንዲት ቁጥር ቢንሸራተት የተተኮሰው ይስታል፣ ጀግናው ባዶ ግድግዳ ላይ ሲተኩስ ይታያል።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ የተባለው የጦርነት ጌምም በ1997 በኔትወርክ የሚያጫውተው በዚሁ መንገድ ነበር። በዚያን ጊዜው ቀርፋፋ ኔትወርክ የሁሉንም ወታደር ቦታ መላክ አይቻልም። ስለዚህ ትእዛዙ ብቻ ይላካል፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከአንድ ሲድ ተነስቶ ጨዋታውን ለራሱ ያሰላል። አንዱ ኮምፒውተር አንዲት ቁጥር በትርፍ ከጠየቀ ሁለቱ ሰዎች ሁለት የተለያየ ጦርነት ውስጥ ናቸው። ጭስ፣ ቅጠል፣ የድምፅ ልዩነት፣ እነዚህ ሁሉ የራሳቸው ጀነሬተር ይኑራቸው። ግራፊክሱን ዝቅ ያደረገ ተጫዋች ጭስ ስለማይታየው የጨዋታው ዕጣ መለወጥ የለበትም።

ስትከፋፍሉ ግን ለሁሉም ያንኑ ሲድ አትስጡ። ስሌይ ዘ ስፓየር የተባለው የካርድ ጌም ለካርዱ ሽልማት፣ ለጠላቱ፣ ለሌላውም የተለያዩ ጀነሬተሮች ነበሩት። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ግን ብዙዎቹ ከአንድ ሲድ ስለተነሱ አንዱ ላይ የወጣው ሌላው ላይ የሚወጣውን ይጠቁም ነበር፣ ተጫዋቾችም ደረሱበት። ዋናውን ሲድ ከመስመሩ ስም ጋር አዋህዳችሁ ሀሽ አድርጉ፦ ሲዱ ከ"ጠላት" ጋር፣ ሲዱ ከ"ሽልማት" ጋር። በኋላ አዲስ መስመር ብትጨምሩ የድሮዎቹ አይነኩም።

ከዓመት በኋላም እንዲሠራ

ለሰው የሚነገር ሲድ ከመረጣችሁ የቋንቋውን ጀነሬተር አትመኑ። የሲ ራንድ በዊንዶውስ እስከ 32,767 ነው የሚሰጠው፣ በሊኑክስ እስከ 2,147,483,647። አንድ ሲድ በሁለቱ ላይ ሁለት ጌም ነው። የጃቫስክሪፕት ማዝ ራንደም ደግሞ ሲድ ጭራሽ አይቀበልም። ፒሲጂ (PCG) ወይም ሾሺሮ (xoshiro) የሚባሉት ጀነሬተሮች ጥቂት መስመር ኮድ ናቸው። ከጌማችሁ ጋር አብራችሁ ያዟቸው።

የራሳችሁ ኮድም ይለወጣል። ማይንክራፍት በ2021 መጨረሻ 1.18ን ሲያወጣ ዓለም የሚሠራበት መንገድ ተቀየረ፤ የድሮ ሲድ የጻፈ ሰው ተራራውን እንደድሮው አላገኘውም። ተጫዋቹ ኮፒ አድርጎ ለጓደኛው የሚልከው ኮድ ፊት ላይ የጌሙን ቨርዥን ጨምሩ። አሮጌ ቨርዥን ሲመጣ ጌሙ "ይህ ሲድ የቀድሞው ቨርዥን ነው" ብሎ ይንገረው፤ ወይም የድሮውን ዓለም ሠሪ ኮድ ሳታጠፉ አስቀምጡና በእሱ ይክፈትለት።